የተዝካር ቅኔ በጋኔን አፍ

እንዳልካቸው ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተጋድሟል፤ ሸሚዙን አውልቋል፣ ሱሪውን አላወለቀም። እንቅልፍ የለም። ሊመጣም አይችልም፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቅዳሴ እንደወጣ ሰበካ ጉባኤው ደጀ ሰላም ተቀምጦ በአባቱ ጉዳይ ይነጋገራል፣ እህቱ ወለላም ያን ጊዜ ደውዬ ስልኩን መሀላቸው አስቀምጠዋለሁ ብላዋለች። ሕንድ ከአገር ቤት በሰዓት ትቀድማለች፣ እዚህ ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስ እዚያ ገና ጠዋት ነው። የፑኔ ከተማ ሙቀት በመጋረጃ አይመለስም። ማራገቢያው የሞቀውን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ይገፋል፣ ጎረቤት የእንፋሎት ድስት ያፏጫል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያፏጫል፣ እሱም ባፏጨ ቁጥር ስልኩን ያያል። ይህ ሁሉ ኔትወርክ ካለ ነው። ከጎንደር ወደ ላይ መንገዱ አንዱን ሳምንት ይከፈታል፣ አንዱን ሳምንት ይዘጋል፣ ስልኩም እንደዚያው ነው፤ ዳታ ከተቋረጠ ቆይቷል፣ ድምፅ ግን አንዳንዴ ያልፋል። ዛሬ ባያልፍ ብሎ ሊመኝ ዳዳው። ከዚያ አባቱን አሰበና ተወው፤ ማለትም ተውኩት ብሎ ለራሱ ነገረው።

ነገሩን አሳጥሮ መያዝ ይፈልጋል። የሌሊት ሥራውም ይኸው ነው፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ስለ በሽተኞቻቸው በድምፅ የቀዱትን እየሰማ ይጽፋል፣ ሐኪም ደግሞ አያለቃቅስም፣ በሽተኛው ሞተ ይላል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን በሽተኛ ይጠራል። እንግዲህ እንዲህ ነው። አንድ የሕንድ አስፈሪ ፊልም አለ። ፊልሙ ውስጥ ጋኔን የያዛት ልጅ አለች። ጋኔኑ በግዕዝ ይናገራል። የሚናገረውም መሪጌታ ወልደኢየሱስ በሚስታቸው በአባይነሽ ተዝካር ላይ የተቀኙትን ቅኔ ነው፣ ወለተ ሰንበት የሚለው የክርስትና ስሟ ሳይቀር። መሪጌታ ወልደኢየሱስ አባቱ ናቸው፣ አባይነሽ እናቱ ናት፣ ድምፁ የራሱ የእንዳልካቸው ነው። አምባ ጊዮርጊስ ፊልሙን አየ፤ ድምፁ የማን እንደሆነ ስላላወቀ ባወቀው ደመደመ፤ መሪጌታው ቅኔያቸውን የሚቀበሉት ከጋኔን ነው አለ። ስለ ደብተራ ድሮም ይወራል፣ ጋኔን ይጠራል፣ ይጎትታል ይባላል፣ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ አይደለም። አሁን ግን ማስረጃ ተገኘ፣ ማስረጃውም በምስል የተደገፈ ነው።

ፊልሙን ኩልካርኒ የሚባል ዳይሬክተር ነው የሠራው። ሠራው ማለት ይከብዳል። እንዳልካቸው ጎንደር መምህር በነበረ ጊዜ ከባልደረቦቹ ጋር የፈረንጅ አስፈሪ ፊልም በፍላሽ እየተዋሰ ያይ ስለነበር አንዱንም ትዕይንት አልሳተውም። አንገቷ ወደ ኋላ የሚዞረው ልጅ ከአንዱ ናት፣ ፀጉሯ ፊቷን ሸፍኖ ከጉድጓድ የምትወጣው ሴት ከሌላው፣ ሰው ሳይነካው ቦታ የሚቀይረው አሻንጉሊት ከሦስተኛው፣ ቤተሰቡ በርካሽ ገዝቶ የገባበት ትልቅ ቤት ደግሞ ከሁሉም። ኩልካርኒ አይደብቅም። ታብሌቱን ለካሜራ ሠራተኛው እያሳየ «ይህን፣ ልክ እንዲህ» ይለዋል፣ ካሜራ ሠራተኛው የመብራቱን ጥላ ሳይቀር ያስመስላል። ቤተሰቡ ሂንዱ ነው፣ ጋኔን የሚያስወጣው ግን ጥቁር ቀሚስ የለበሰ የካቶሊክ ቄስ ነው፣ ቦርሳውን ይዞ ጭስ መሀል በር ላይ ይቆማል፤ የተቀዳበት ፊልም ውስጥ የቆመው ቄስ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

«እናንተ ጋ ጋኔን የሚያስወጣ ሰው የለም?» ብሎ ፕራካሽን ጠየቀው። ፕራካሽ የአከራዩ ልጅ ነው፣ የፊልሙ ድምፅ ቀጂ።

«ሞልቷል» አለ ፕራካሽ። «እናቴ በየወሩ ትሄዳለች። ፊልም ላይ ግን አያስፈራም፣ የምናውቀው ነዋ።»

ወደ ስቱዲዮ የወሰደውም ፕራካሽ ነው። እዚህ አገር ለውጭ ዜጋ ቤት ያከራየ ሰው ተከራዩን ፖሊስ ዘንድ ያስመዘግባል፣ ምዝገባው ካልታደሰ የመኖሪያ ፈቃድ አይታሰብም፣ የእንዳልካቸው ነገር ደግሞ ከተማሪነት ወጥቶ ምን ውስጥ እንደገባ የውጭ ዜጎች መዝገብ ቤቱም እሱም በቅጡ አያውቁም። ለዶክትሬት መጣ፣ ጥናቱ ሳያልቅ አገር ቤት ውጊያ ሆነ፣ የላከው መሥሪያ ቤት ፈቃድህ አልፏል ብሎ ስሙን ሰረዘ፣ መዝገብ ቤቱ አንዱን መስኮት ሲጨርስ ወደ ሌላው መስኮት ይልከዋል፣ ሌላኛው መስኮት የአከራይህ ፊርማ ይላል። ስለዚህ የአከራዩ ልጅ «ለአንድ ሰዓት ድምፅህን አውሰኝ» ሲለው እምቢ የሚልበት ወገብ አልነበረውም።

«ላቲን ሰልችቶናል» አለው ኩልካርኒ። «ላቲንን ተመልካቹ የእንግሊዝኛ ፊልም ላይ ጠግቦታል። ያረጀ የሚመስል ነገር ስጠኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ነገር። ቄሱ ልጅቷን ሲያድናት የሚለው ነው።» እና እንዳልካቸው ማይክሮፎኑ ፊት ይቆማል፣ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፣ የራሱን ትንፋሽ ይሰማል፣ በልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ጸሎት ይጀምርና ሁለት ቃል ብሎ ያቆማል። ጸሎት ነው። የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለኩልካርኒ ጭስ አይሰጥም። ጸሎት ያልሆነ ሌላ ግዕዝ ፈለገ፣ እዚህ ማንም የማያውቀው፣ እዚያ ማንንም የማይነካ፣ አንድ ብቻ አገኘ። የአባቱ ቅኔ መጽሐፍ አይደለም፣ የሰው ሥራ ነው፣ ሰውየውም አባቱ ናቸው። በጥንቃቄ መረጠ ማለት ነው። ከስቱዲዮው ሲወጣ ቀለል ብሎት ነበር፣ ቅዱሱን ነገር አዳንኩ ብሎ። በግዴለሽነት ተሳስቶ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ግዴለሽ ሰው አሁን ይህን ሰዓት ተኝቶ ያንኮራፋል።

ያ ቅኔ አንዴ ተብሏል። ቅኔ ሁሉ አንዴ ነው የሚባለው፣ ለዕለቱ ይቆጠራል፣ ማለት ይደረሳል፣ ከዕለቱ ጋር ያልፋል፣ የትናንቱን የሚደግም ይናቃል፣ የሌላውን የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ደግሞ በቅኔ ቤት ሌባ ነው። የኔታ በተዝካሩ ዳስ መሀል መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። አባቱን የኔታ ይላቸዋል፣ አባባ ብሏቸው አያውቅም፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር እኩል ተቀምጦ ስላደገ እንደዚያው ቀረ፤ ቅኔ እንደማይወጣለት ሲያዩ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የላኩትም እሳቸው ናቸው። ቅኔው መሬትን ይጠይቃል፣ ወለተ ሰንበትን ስታስገቢ ባልዋን በር ላይ ለምን አስቀረሽው ይላል። ጠላ የሚያዞሩት ሴቶች ግዕዙ ሳይገባቸው ቆመው ቀሩ። እንግዳው ሲሄድ «የኔታ፣ እስቲ ይድገሙልኝ» አላቸው። «ለሷ ነው ያልኩት» አሉ። «ሰምታለች።» ሁለተኛ አልተናገሩትም። እሱ ግን አንዴ ሰምቶ ይዞታል፣ ከአባቱ ትምህርት ቤት የተረፈው ይኸው መያዙ ብቻ ነው፤ እናቱ መቃብር ላይ ያለው አፈር ሳይጠቀጠቅ ነው ወደ ሕንድ የተሳፈረው።

ፊልሙ ሲወጣ ብቻውን ገባ። ፊልም ከመጀመሩ በፊት የሕንድ ብሔራዊ መዝሙር ይዘመራል፣ ሰው ሁሉ ይነሳል፣ እሱም ይነሳል፣ የማን መዝሙር እንደሆነ ከፊቱ አይታወቅም። ከጎኑ ባልና ሚስት ፈንዲሻ ይበላሉ። አሻንጉሊቱ ሲመጣ ሰው ይስቃል፣ ጉድጓዱ ሲመጣ ይስቃል፣ ሁሉም የሚመጣውን ያውቃል። ቄሱ አፉን ሲከፍት እንዳልካቸው ወንበሩን ጨበጠ፤ ቄሱ በላቲን ተናገረ። ከዚያ ልጅቷ አንገቷን አዞረች፣ ከአፏም የእሱ ድምፅ ወጣ፣ ተጎትቶ፣ ወፍሮ፣ ወለተ ሰንበት አለ፣ አዳራሹም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፣ ጎኑ ያለችው ሴት የባልዋን እጅ ያዘች። ወጥቶ ለኩልካርኒ ደወለ። «ለቄሱ ነው ብለኸኝ ነበር።» «ነበር» አለ ኩልካርኒ፣ «የጋኔኑ ድምፅ ደካማ ሆነብን። ያንተን ስናቀዘቅዘው ፀጉር ያቆማል። ወንድሜ፣ ፊልሙ ውስጥ ኦሪጅናል የሆነው አንተ ብቻ ነህ።» ይህን እንደ ምስጋና ነው ያለው። እውነትም ነው፣ ሐሰት የለበትም፣ እና አሁንም ጎረቤት ድስቱ ያፏጫል፣ ስልኩ አልጮኸም።

ጎንደር አይደርስም ብሎ ነበር። በየትኛው አእምሮው እንዲያ እንዳለ አይገባውም፣ የሕንድ ፊልም የማይደርስበት የት አለ፣ እሱ ራሱ በሕንድ ፊልም አይደል ያደገው። አንድ ተርጓሚ ፊልሙን አማርኛ አልብሶ፣ የጉድጓዱ እንግዳ ብሎ ስም አውጥቶ ለቀቀው። ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ፍላሹን ሰካ። ተሳፋሪው መሀል ሰውአገኝ ነበር፣ የየኔታ አስነጋሪ፣ እሳቸው በሌሉ ጊዜ ተማሪ የሚያስቀጽል፣ ማለት የሚያስጠና ሙሉ ሰው፣ የተዝካሩም ዕለት ከጎናቸው የቆመ። ተርጓሚው ነገር ሲያልቅበት ቀልድ ይጨምራል፣ የልጅቷ አንገት ሲዞር «አይዟችሁ፣ ወጌሻ ተጠርቷል» ይላል፣ አውቶቡሱ ይስቃል። ጋኔኑ ሲናገር ግን ተርጓሚው ግዕዙ አልገባውም፣ «አሁን ጋኔኑ በራሱ ቋንቋ ይናገራል» ብሎ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው የኔታን የገደላቸው፣ ግዕዙን ጥርት አድርጎ አሰማው። ሰውአገኝም ቅኔውን አንዴ ሰምቶ የያዘ ሰው ነው፤ የኔታ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፣ አንዴ ሰምቶ መያዝን። ከስክሪኑ በስልኩ ቀዳው፣ ለንስሐ አባቱ አሰማ፣ ከዚያ ዳታ ባይኖርም ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ።

«ተማሪዎቹ እየወጡ ነው» አለችው ወለላ በዚያ ሳምንት። «እናቶቻቸው እየመጡ ይወስዷቸዋል። የኔታን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ቅጂውን አሰሟቸው። ሰሙና ስልኩን መለሱላቸው።»

«ወለላ፣ ድምፁ የኔ ነው።»

የተቋረጠ መስሎት ሃሎ፣ ሃሎ አለ።

«አለሁ» አለች። «እሑድ ራስህ ንገራቸው። እኔ ተናግሬ አልችለውም።»

አሁን ስልኩ ይጮኻል። ተነስቶ ተቀመጠ።

«እንዳልካቸው፣ ሁሉም አሉ። ድምፁን ለቅቄዋለሁ። ጮክ በል» አለች ወለላ።

መጀመሪያ የተናገሩት የጉባኤው ሰብሳቢ አያ ይበልጣል ናቸው፣ የአባቱ እኩያ፣ የበግ ነጋዴ። «እንደምን አለህ ልጄ? አገሩ ተስማማህ?»

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ አያ ይበልጣል።»

«ምነው ድምፅህ ከሳ? ሕንድ ሥጋ አይበላም የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» ጥቂት ሰው ሳቀ። «በል፣ ወለላ የምትለን ነገር አለ። አንተው በለው።»

አለው። በሥራ ቦታው እንደሚሰማቸው ሐኪሞች አለው፣ ድምፁ የኔ ነው፣ ቅኔውን በተዝካሩ ሰምቼ ይዤዋለሁ፣ ለፊልም አነበብኩት፣ ለቄሱ ነው ብለውኝ ለጋኔኑ አደረጉት፣ የኔታ የሚያውቁት ነገር የለም። ወዲያ ማዶ ዶሮ ጮኸ።

«የፊልሙ ድምፅ እንዲህ አይደለም» አለ ሰውአገኝ። «ያኛው ከመሬት ሥር የሚወጣ ነው። ያንተ የሰው ነው።»

«በማሽን አውፍረውት ነው።»

«ማሽኑን እኛ አላየነውም» አሉ አያ ይበልጣል። «ልጅ አባቱን ለማዳን ብዙ ይላል፣ እኔም ብሆን እላለሁ። በልና አሰማን።»

ተናገረው። ቅኔውን አንዳችም ስሜት ሳያስገባ ተናገረው፣ ሲጨርስ የሚያምነው አልተገኘም። «ቀስ አድርገው» አለ ሰውአገኝ፣ «እንደ ፊልሙ።» እንዳልካቸው ግድግዳውን ያያል፣ ግድግዳው ላይ የአከራዩ የአማልክት ካላንደር ተሰቅሏል፣ አባቱ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የት ጥግ እንደሆነ አያውቅም፣ ድምፃቸው አልተሰማም፣ ሳላቸውም አልተሰማም፤ ካላደረገው ጠንቋይ ናቸው፣ ካደረገው እናቱን በራሱ ጉሮሮ ዳግመኛ ጋኔን አፍ ውስጥ ይከታታል፣ በዚህኛው ጊዜ የሚያመካኝበት ኩልካርኒ የለም። ድምፁን ወደ ሆዱ ሳበ። ጎተተው። ወለተ ሰንበት ሲል ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት «በስመ አብ» አለች፣ ወንበር ተንኳኳ፣ ሰውአገኝ «እሱ ነው» አለ፣ «ራሱ ነው።»

ከዚያ ቄስ አስማረ ተናገሩ፣ የቤተሰቡ የንስሐ አባት። ሲያቆርቡት አፉን አስፍቶ ሲከፍት ይስቁበት የነበሩት እሳቸው ናቸው። «እንግዲህ መሪጌታ ነጻ ናቸው፣ ደስ ይበለን። የቀረው ልጁ ነው። ቅኔው የአባቱ፣ ስሙ የእናቱ፣ የተነገረው በቤተ ክርስቲያን ማኅበር ፊት። ይህን ወስዶ ለጋኔን አፍ ሰጥቷል። መጥቶ እዚህ ደጅ ላይ ንስሐ እስኪገባ ድረስ በግዝት እይዘዋለሁ። ከዚህ ማኅበር ማንም ከእሱ ጋር አይነጋገር፣ አባትም ቢሆን፣ እህትም ብትሆን ስልኩን አታንሳ።»

መጥቶ። በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ፓስፖርት፣ ከየትኛው መስኮት በኋላ። ወለላ ያለቀሰች መሰለው፣ ወይም መስመሩ ነው።

«ቄስ አስማረ፣ ይቆዩኝ» አሉ የኔታ። ድምፃቸው ተማሪ ሲያርሙ እንደሚሆነው ነው፣ ከፍም አይልም። «ቅኔው የኔ አይደለም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው?» አሉ አያ ይበልጣል።

«የልጁ ነው። ለእናቱ ራሱ ቆጠረው። ቆሞ ለመናገር ኀዘኑ አላስቻለውም፣ በል ለእኔ ስጠኝ አልኩት፣ ተናገርኩት። እናንተ ስታመሰግኑኝ የሱ ነው አላልኩም። ሰው በራሱ ቅኔ ያደረገውን ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርሳል። ግዝት የለበትም። ጥፋት ካለ የኔ ነው።»

«ይህ ልጅ ቅኔ ይቆጥራል?» አለ ሰውአገኝ። ሳቅ ያለበት ድምፅ ነው።

«እንዳልካቸው» አሉ የኔታ። «ቅኔው የማን ነው? ንገራቸው።»

የእርስዎ ነው ሊል አፉን ከፈተ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ሁለት ቃል፣ ሐኪሞቹም የሚያደርጉት እንዲህ ነው፣ ግን የእርስዎ ነው ካለ አባቱ ጉባኤ ፊት ዋሽተዋል፣ የዋሸ ሰው ከጋኔን ጋርም ሊውል ይችላል፣ ነገሩ ሁሉ እንደገና ይጀመራል፣ እሱም ይገዘታል፣ ከዚህ ክፍል ሆኖ የሚደውልለት ሰው አይኖርም፤ የኔ ነው ካለ ደግሞ የኔታ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ጎንደር የሰው ቅኔ የሰረቁ መምህር ይሆናሉ፣ ያቺም ሚስታቸው ባልዋ የተቀኘላት አትሆንም፣ መሬትን የጠየቀው ባል አልነበረም ይባላል። ይህን ሁሉ እሳቸው አስበውታል። አስበው ጨርሰው ነው የጠየቁት። የሚጠብቁትን መልስ እሱ እንዲላቸው እንጂ እንዲያስብ አልጠየቁትም፣ ልክ ድሮ የቃል ትምህርት ሲጠይቁት እንደነበረው። ማራገቢያው ይዞራል። ላቡ ስልኩ ላይ ይንጠባጠባል።

«የኔ ነው፣ የኔታ።»

ጉምጉምታ ሆነ። ቄስ አስማረ «የራሱ ከሆነ ጉባኤውን አይመለከትም፤ ለኔ ብቻውን ይደውልልኝ» አሉ። ከዚያ አያ ይበልጣል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መሪጌታ፣ የእርስዎስ ነገር? ተማሪ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ሲያቀርብ ቢያገኙት ምን ያደርጉታል?»

«አባርረዋለሁ።»

«እንግዲያውስ?»

«እንግዲያውስ ሰውአገኝ ያስተምር» አሉ የኔታ። «ከነገ ጀምሮ። ጎጆዬን ዛሬ እለቅለታለሁ።»

ማንም አልተቃወመም። ሰውአገኝም አልተቃወመም። ሰው ሲነሳ፣ ነጠላ ሲራገፍ፣ ወለላ «የኔታ፣ ቀስ ይበሉ» ስትል ይሰማል። እግራቸው ስልኩ አጠገብ አለፈ፣ አልቆመም። ከዚያ አያ ይበልጣል ወደ ስልኩ ጎንበስ ሳይሉ አልቀሩም፣ ድምፃቸው ቀረበ።

«ልጄ፣ ሸጋ ቅኔ ነው። ስንት ዓመት አባትህን አመሰገንን፤ ምስጋናው ለካ ያንተ ኖሯል።»

መልስ ይጠብቃሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ይበልጣል» አለ እንዳልካቸው።